ትርፍ ያልነበረው ትርፍ ኃይል

ኢትዮጵያ ለቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች የምትሸጠው ኤሌክትሪክ ማንንም አይጎዳም የሚለው አስተያየት ባለፉት ጥቂት ዓመታት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በመገናኛ ብዙኃን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከቡልጋሪያ ሰፈር እስከ ካዛንቺስ ባሉት የቢሮ ሕንፃዎች በሚሠሩ የፋይናንስና የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ ያለ ብዙ ሙግት ተቀባይነት ያገኘ አስተያየት ሆኗል። ኃይሉ ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ንጹሕ ነው ይባላል፤ ገዢ ያጣ ትርፍ ስለሆነ ከማንም አልተወሰደም ይባላል፤ ዋጋው በዶላር ስለሚከፈልም አገርን ይጠቅማል ይባላል። እነዚህ አባባሎች እያንዳንዳቸው የእውነት ፍርፋሪ አላቸው። ተደምረው የሚሰጡት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም ትንሽ አይደለም።

ተቃራኒው ወገን የሚለው በሚገባው ክብደት መቅረብ አለበት። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. በመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ሲጀምር፣ ኃይሉን ይወስዳሉ ተብለው የታሰቡት ደንበኞች በቦታቸው አልነበሩም። የሰሜኑ ጦርነት ፋብሪካዎችን አውድሟል ወይም አዘግቷል፤ አሜሪካ የአፍሪካ አገሮች ሸቀጣቸውን ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡላት ከምትፈቅድበት አጎዋ ከተባለው የንግድ ሥርዓት ኢትዮጵያን ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በማስወጣቷ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሥራ ተቀዛቅዟል፤ ኃይሉን ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ተቀብሎ ወደ መንደርና ወደ ቤት የሚያደርሰው የስርጭት መስመር ደግሞ በብዙ ቦታ ያረጀ ነው ወይም ጨርሶ የለም። በዚህ መካከል ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ቢትኮይን ማምረትን በግዛቷ ስትከለክል ማሽኖቻቸውን የሚሰኩበት አገር ፍለጋ የወጡ ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ኃይሉን ከማከፋፈያ ጣቢያዎች በቀጥታ ስለሚወስዱ የከተማውን መስመር አያጨናንቁም፤ ቀንና ሌሊት እኩል ስለሚወስዱ ለአመንጪው የተመቹ ደንበኞች ናቸው፤ ከሁሉም በላይ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። እስከ እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ድረስ 21 ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል መፈራረማቸው፣ ከእነርሱም 19ኙ ቻይናውያን መሆናቸው ተዘግቧል፤ ተቋሙም በ2016 በጀት ዓመት በ10 ወራት ውስጥ ከዘርፉ 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቱን ገልጿል። ለመድኃኒትና ለነዳጅ ዶላር ስታሳድድ ለኖረች አገር ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። አማራጩ ውኃውን በከንቱ መልቀቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙግቱ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ነገር ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህ ሁሉ ኃይል ምን እንደሚያመርት ነው። ቢትኮይን፣ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጽሑፍ የተነደፈና ከ2009 መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራ ዲጂታል ገንዘብ ሲሆን፣ ማዕከላዊ ባንክ ስለሌለው የክፍያ መዝገቡን የሚይዙትና የሚያጸኑት በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ማሽኖች ናቸው። ማሽኖቹ በመሞከር ብቻ ሊገኝ የሚችል አንድ ቁጥር ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ፤ በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ የዋሉት ዓይነት ማሽኖች እያንዳንዳቸው በሰከንድ መቶ ትሪሊዮን ያህል ጊዜ ይሞክራሉ፤ ቀድሞ ያገኘው በመዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ይጽፋል፣ አዲስ ቢትኮይንም ይሸለማል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሰነዶችና መግለጫዎች «ዳታ ማይኒንግ» የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ገጽ በአማካይ በ10 ደቂቃ አንድ ጊዜ እንዲጻፍ ሆኖ ስለሆነ፣ ማሽኖች ሲበዙ እንቆቅልሹ በየ2,016 ገጹ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ፣ ራሱን ያከብዳል፤ ሲያንሱም ያቀልላል። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ወዲህ ለአንድ ገጽ የሚከፈለው ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ስለሆነ በቀን የሚወጣው አዲስ ቢትኮይን ወደ 450 ይጠጋል፤ የሚሽቀዳደሙት ማሽኖች አንድ ሺህም ይሁኑ አምስት ሚሊዮን ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር በኢትዮጵያ በተደረገው ውይይት ውስጥ እምብዛም አልተነሣም። የሲሚንቶ ፋብሪካ ተጨማሪ ኃይል ሲያገኝ ተጨማሪ ሲሚንቶ ይወጣል፤ የመስኖ ፓምፕ ተጨማሪ ኃይል ሲያገኝ ተጨማሪ ማሳ ይጠጣል። የቢትኮይን ጣቢያ ግን 100 ሜጋዋት ቢጨመርለት ዓለም አንዲት ተጨማሪ ቢትኮይን አታገኝም፤ የሚለወጠው የሽልማቱ ድርሻ ከአንዱ ባለማሽን ወደ ሌላው መሄዱ ብቻ ነው። ያም ድርሻ ቢሆን የኢትዮጵያ አይደለም፤ ለማሽኑ ባለቤት ሲሄድ ለአገሪቱ የሚቀረው የመብራት ሒሳቡ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ራሱ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ እንደ ቢትኮይን ባለ ክሪፕቶ ከረንሲ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። አንዱ የመንግሥት ተቋም ዜጎች እንዳይገበያዩበት የከለከለውን ነገር ለማምረት ሌላው የመንግሥት ተቋም የዜጎችን ግድብ ኃይል ይሸጣል ማለት ነው። ለውጭ ገበያ የሚመረት ብዙ ነገር በአገር ውስጥ አይሸጥም ይባል ይሆናል፤ ቡናና ሰሊጥ ግን ገበሬ፣ ለቃሚ፣ ጫኝና ነጋዴ ያሰልፋሉ፤ በዚህ ሥራ በእያንዳንዱ ጣቢያ የሚሰለፉት ማሽኖችና የማቀዝቀዣ ፋኖች ናቸው።

ይህን ያህል ኃይል መፍጀት ለዲጂታል ገንዘብ የግድ እንዳልሆነም በተግባር ታይቷል። ከቢትኮይን ቀጥሎ ትልቁ የሆነው ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 መዝገቡን በእንቆቅልሽ ውድድር ማጽናቱን ትቶ፣ ተሳታፊዎች ገንዘባቸውን በመያዣነት በሚያስቀምጡበት አሠራር በመተካቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል። ቢትኮይን በነበረበት ቀጥሏል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ግምት መሠረት የቢትኮይን ዓመታዊ ፍጆታ ወደ 138 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ የሕዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15.76 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ዘጠኝ የሚጠጉ የሕዳሴ ግድቦች ሙሉ ምርት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ትርፍ ነው ወደ ተባለው ኃይል መግባት ይቻላል። ከሕዝቧ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ በማያገኝባት አገር ትርፍ ኃይል አለ ሲባል ምን ማለት ነው? ሰው ጠግቦ የተረፈ ነው ወይስ ሳይቀርብለት የቀረ? እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ እንደ ፀሐይ ኃይል ካሉ አማራጮች እንዲሆን አቅዶ ነበር። ዓመቱ ደርሶ አልፏል፤ ዕቅዱ አልተሳካም። ስለዚህ ትርፍ የተባለው ኃይል ከተፈጥሮ የተገኘ በረከት ሳይሆን ያልተዘረጋ መስመርና ያልተተከለ ትራንስፎርመር የፈጠረው ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚያስተዳድረው የስርጭት መስመር ከግድቦቹ ጋር እኩል ባለመራመዱ ምክንያት የተከሰተ የዕቅድ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ወደ ሀብትነት ለውጦ ስም ማውጣት ጉድለቱን አይሞላውም፤ ይልቁንም እንዲሰነብት ምክንያት ይሰጠዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለዚህ ካልተባለ ለምን ይባላል?

መስመሩ እስኪዘረጋ ዓመታት ስለሚፈጅ እስከዚያው ኃይሉ ይሸጥ የሚለው መልስ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። የአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት ግን በዚህ ላይ ያልታሰበ ምስክር ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በወራት ውስጥ ፈርሶ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ መንገዱ ሲሰፋ፣ በአየር ላይ የነበሩ መስመሮች ከመሬት በታች ሲገቡና የመንገድ መብራት ሲተከል የታየው ነገር፣ ውሳኔና ገንዘብ ከተገናኙ የመስመር ሥራ የአንድ ትውልድ ጊዜ እንደማይወስድ ነው። ነዋሪዎቹ የተነሡበትን አኳኋን በተመለከተ ሊባል የሚገባው ብዙ ነው፤ ለዚህ ሙግት የሚፈለገው ግን ፍጥነቱ ብቻ ነው። መሐል ከተማ ላይ የተቻለው በገጠር ቀበሌ የማይቻለው በቴክኒክ ምክንያት ነው ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው።

የጉዳዩን መጠን ለመረዳት አንድ ማሽን ወስዶ ማስላት ይበቃል። አንትማይነር ኤስ19 ተብሎ የሚጠራው በስፋት የታወቀ የቢትኮይን ማሽን ወደ 3.25 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ይህም በቡልጋሪያ ወይም በሌላ ሰፈር ያለ አንድ ቤተሰብ እንጀራ ከሚጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ፍጆታ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀኑም ሁለት ሰዓት ያህል ሲጣድ፣ ማሽኑ ዓመቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት መሥራቱ ነው። ማሽኑ በዓመት 28,470 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በተባለው ልክ ሲሠራ በዓመት 728 ይፈጃል። የአንድ ማሽን ድርሻ ለ39 ቤተሰቦች እንጀራ መጋገሪያ ይሆናል ማለት ነው። ለኩባንያዎቹ ተቆርጧል በተባለው ዋጋ፣ በኪሎዋት ሰዓት 3.14 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ከዚያ ማሽን በዓመት የሚገኘው ከ900 ዶላር ያነሰ ነው። በዚሁ ዋጋ ሲሰላ በ10 ወራት የተገኘው 55 ሚሊዮን ዶላር 1.75 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት የተሸጠበት ገንዘብ ነው፤ ይህ ኃይል ለ2.4 ሚሊዮን ቤተሰቦች የአንድ ዓመት እንጀራ መጋገሪያ ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህም ሽያጩ እየጨመረ ሄዷል። የአቡ ዳቢው ፊኒክስ ግሩፕ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የ80 ሜጋዋት ውል መፈረሙን አስታውቋል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረውና በዘመኑ ለአዲስ አበባ ታላቅ የብርሃን ምንጭ የነበረው የቆቃ ግድብ አቅም 43 ሜጋዋት ገደማ መሆኑን ማስታወስ ለንጽጽር ይጠቅማል።

ከምጣዱ ጋር የተያያዘው ነገር የንጽሕናውን ክርክርም ከሥሩ ይነካዋል። ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ጭስ የለውም፣ የማሽኖቹ መጋዘንም ጭስ አያወጣም፤ ይህ እውነት ነው። የአንድ ኃይል የአካባቢ ዋጋ የሚለካው ግን በሚውልበት ቦታ በሚታየው ብቻ አይደለም፤ በሌላ ቦታ ምን ሊተካ ይችል እንደነበርም ይታያል። የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ለምግብ ማብሰያ ከሚጠቀሙበት ኃይል እጅግ የሚበዛው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። እንጨቱ ከተራራው ይወርዳል፤ ኩበቱ ማሳውን ሊያዳብር ሲገባው በምድጃ ይነድዳል፤ ጭሱ ደግሞ በእናቶችና በጀርባቸው ባዘሏቸው ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ያልፋል። በመሐል ከተማም ቢሆን፣ ቆጣሪ ያለው ቤት ሁሉ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ የከሰል ምድጃውን አያስወግድም፤ በየሰፈሩ በማዳበሪያ የሚሸጠው ከሰል ለዚህ ማስረጃ ነው። ከሰል ሁሉ የደን ጭፍጨፋ ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ተክለው፣ ከሰል አክስለው ለአዲስ አበባ ጭምር በመሸጥ ኑሯቸውን ያሻሻሉበት የሚደነቅ ልማድ አለ። ይህ ግን በጥቂት ቦታ የታየ መልካም ነገር ነው፤ ከቆላው ጫካ የሚወጣውን ከሰል አያካክስም። ንጹሑ ኃይል ወደ ቢትኮይን መጋዘን ሲገባ ቆሻሻው ጭስ ወጥ ቤት ውስጥ ከቀረ፣ ንጽሕናው ለማን ነው?

በተጨማሪም ከግድብ የሚገኝ ኃይል ጭስ የለውም ማለት ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። 1,870 ሜጋዋት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ እንደ ዳሰነች ያሉ ሕዝቦች የወንዙ ሙላት በተወው እርጥብ አፈር ላይ ያርሱበት የነበረው የዘመናት አስተራረስ ተቋርጧል፣ ኦሞ የሚፈስበት የቱርካና ሐይቅ ጉዳይም ከኬንያ በኩል ስጋት አስነሥቷል። ለሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን፣ ነጋዴውና ተማሪው የቦንድ ገንዘቡን፣ ግድቡ ያረፈባት የጉባ ነዋሪ ደግሞ ቀዬውን ሰጥቷል። ይህ ሁሉ የተጠየቀው አገር ከጨለማና ከጭስ እንድትወጣ ተብሎ ነው፤ በዚያ ጊዜ ለአንድም ቦንድ ገዢ ኃይሉ እንቆቅልሽ ለሚፈቱ ማሽኖች እንደሚሸጥ አልተነገረውም።

ስለ ዶላሩ ሲነገር አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፦ ኩባንያዎቹ የሚከፍሉት የቤት ተጠቃሚው ከሚከፍለው ይበልጣል። የአነስተኛ ተጠቃሚዎች ታሪፍ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የቆየ ሲሆን፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር የተወሰነውም ከዚህ ዝቅተኛ መነሻ ነው። ስለዚህ ቢትኮይን ድሃውን ይደጉማል የሚል ክርክር ይቀርባል። ይሁን እንጂ ትክክለኛው ንጽጽር ከድሃው ቆጣሪ ጋር ሳይሆን በዶላር ከሚከፍል ሌላ ገዢ ጋር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ወደ ሱስዋ በሚሄደው ከፍተኛ መስመር ለኬንያ የምትሸጠው ኃይል ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ከእጥፍ በላይ። መስመሩ 2,000 ሜጋዋት እንዲያስተላልፍ የተሠራ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ውል 200 ሜጋዋት ብቻ ነበር። ኬንያ የፈለገችውን ያህል ገዝታለች፣ ተጨማሪ እንድትገዛ ማስገደድ አይቻልም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ ልክ ነው፣ በአንድ ቀን አይሸጥም። ነገር ግን ወደ ጎረቤት የሚሄድ ኃይል የናፍጣ ጀነሬተር ያስቆማል፤ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ጋር ከመገናኘቷ በፊት በነዳጅ ማመንጫ ትተማመን እንደነበር ይታወቃል። ለአካባቢ የሚቆረቆር ሰው ከሁለቱ ገዢዎች የትኛውን ይመርጣል፣ ናፍጣ የሚያስቀረውን ወይስ የውድድሩን እንቆቅልሽ የሚያከብደውን?

ከዚህ ጋር የሚቀርበው ብልጠት ያለው መከራከሪያ ማሽኖቹ በኢትዮጵያ ውኃ ካልሠሩ በካዛክስታን የድንጋይ ከሰል ስለሚሠሩ፣ ኢትዮጵያ እነርሱን በማስተናገዷ ዓለምን ታጸዳለች የሚለው ነው። የመከራከሪያው ችግር ርካሽ ኃይል ሲገኝ የማሽኖቹ ብዛት እንዳለ ይቀራል ብሎ መነሣቱ ነው። የቢትኮይን ሽልማት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 በግማሽ ሲቀነስ በአሜሪካ ትርፋቸው ያለቀ አሮጌ ማሽኖች ተለቅመው ኤሌክትሪክ ወደሚረክስባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ እንዲሄዱ ታስቦ ነበር፤ ውድ ኃይል ሊያስቆማቸው የነበሩትን ብዙ ኃይል የሚበሉ ማሽኖች ርካሽ ኃይል ዕድሜ ይጨምርላቸዋል። በድንጋይ ከሰል የሚሠራው ሌላው ማሽን ደግሞ አልቆመም፤ በቦታው እየሠራ ነው። ማሽኖቹም ለአንድ ሥራ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እንቆቅልሹን መፍታት አላዋጣ ካለ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተርነት፣ ለሆስፒታል መረጃ ማከማቻነት አይሆኑም፤ ቁራጭ ብረትና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይሆናሉ። አሌክስ ደ ፍሪስና ክርስቲያን ሽቶል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የማሽኖቹን አማካይ የአገልግሎት ዘመን ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ገምተው፣ ከዘርፉ በዓመት የሚወጣውን ቆሻሻ 30 ሺህ ቶን ገደማ አድርሰውታል። ግምቱ ተጋንኗል የሚሉ አሉ፤ ዕድሜውን በሦስት ቢያበዙት እንኳ መጨረሻው የሚራገፈው ማሽኑ የመጨረሻ ዓመቱን በሠራበት አገር ነው።

ኃይል ሲያጥር ጣቢያዎቹ ይቋረጣሉ የሚለው መከራከሪያስ? በአሜሪካ ቴክሳስ ክፍለ ግዛት ሙቀት በርትቶ የኃይል ፍላጎት ሲንር የቢትኮይን ጣቢያዎች ማሽናቸውን ያጠፋሉ፤ ያጠፉትን ያህልም ይከፈላቸዋል፤ ራያት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ብቻ በዚህ መንገድ በክሬዲት መልክ ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ያም መልካም ሥራ ነው ከተባለ ከፋዩ የቴክሳስ ሕዝብ መሆኑ አብሮ ይነገር። የካዛክስታን ታሪክ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይቀርባል፦ ከቻይና የተሰደዱት ማሽኖች እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጎርፉባት የኃይል እጥረት ደረሰባት፣ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያም ማሽኖቹን ከመስመር ማውጣት ግድ ሆነባት። ኮሶቮም በዚያው ወቅት ሥራውን ጨርሶ ከለከለች። የኢትዮጵያ ኃይል እጅግ የሚበዛው ከውኃ ስለሆነ ዝናብ ሲያንስ ምን እንደሚከተል ከቅርብ ጊዜ ይታወሳል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ውኃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ ሆነ፤ ለሱዳን የሚሸጠው ቆመ፣ የጅቡቲው ተቀነሰ፣ የአዲስ አበባ ቤቶችና ፋብሪካዎች በተራ ጨለሙ። እንዲያ ያለ ዓመት ዳግመኛ ቢመጣ ውሉ ያላቸው የዶላር ደንበኞች ቀድመው ይጠፋሉ ወይስ የቡልጋሪያው ባለቆጣሪ? መልሱ በውሎቹ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ለሕዝብ ይነበብ፤ ካልተጻፈ «ይቋረጣሉ» የሚለው ቃል ማስተማመኛ ሊሆን አይችልም። በግድብ የተያዘ ውኃ ደግሞ ዛሬ ካልተሸጠ የሚበላሽ ሸቀጥ አይደለም፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴው ሐይቅ ካልሞላ በስተቀር የዛሬው ውኃ ለነገው የበጋ ወር የሚቀመጥ ስንቅ ነው።

ፍላጎት የለም የተባለውም በአጭር ጊዜ ውስጥ ተገልብጧል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪናን ሲያበረታታ፣ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ለፋብሪካና ለእርሻ የሚሆን ኃይል ተስፋ ሲሰጥ፣ በመካከል ያለፉት ዓመታት ጥቂት ናቸው። ከምረቃው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ አሸብር ባልቻ ለክሪፕቶ ኩባንያዎች አዲስ ፈቃድ መስጠት መቆሙን፣ ምክንያቱም የሚሰጥ ኃይል አለመኖሩ መሆኑን ተናገሩ። ማንንም አይነካም ሲባል የነበረው ትርፍ በራሱ በሻጩ ተቋም አንደበት አለቀ ማለት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያልቅ ትርፍ ከመጀመሪያውም ትርፍ ነበር ወይ?

ኃይሉን በመሸጥ የተገኘው ገንዘብ ለመስመር ዝርጋታ ይውላል የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ከሁሉ የተሻለው ነው፤ ቢፈጸም ብዙውን ተቃውሞ ያለዝበው ነበር። ነገር ግን ይህ በመግለጫ የሚታመን ሳይሆን በሒሳብ የሚታይ ጉዳይ ነው፦ ከዘርፉ ከገባው እያንዳንዱ ዶላር ምን ያህሉ ትራንስፎርመር፣ ሽቦና ቆጣሪ እንደሆነ፣ በየትኛው ወረዳ ስንት ቤት እንደበራ የሚያሳይ ዝርዝር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቅረብ ይገባዋል። ማሽን የሚያስገባ ኩባንያም ማሽኑን መልሶ የሚያስወጣበትን ወይም በአግባቡ የሚያስወግድበትን መያዣ ገንዘብ አስቀድሞ ማስያዝ አለበት፤ የድርቅ ዓመት ሲመጣ ያለ ካሳ ከሁሉ በፊት የሚቋረጠው እርሱ መሆኑም በጽሑፍ መስፈር አለበት። አዲስ ፈቃድ መቆሙ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ግማሽ ውሳኔ ግን ነው። ቀድሞ የተፈረሙት ውሎች ለሕዝብ ይገለጡ፤ ዘመናቸው ሲያበቃም አይታደሱ።